ጭምትና ነጣቂ

የስጦታው አባት አቶ አምላኩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያሻግሩ የኖሩት በሁለት ዓይነት አዞ መካከል ነው። ቤታቸው ከሞጣ የግማሽ ቀን ቁልቁለት ወርዶ፣ ዓባይ ከገደሉ ግርጌ ሰፋ ብሎ ከሚተኛበት፣ እመጫት ባሕር ከሚባለው ቦታ በላይ ነበር። ባሕር ይበሉት እንጂ የወንዙ ጥልቅ ኩሬ ነው። ለምን እመጫት እንደተባለ የሚናገር ሽማግሌ የለም፤ ሲጠየቁ ወሬውን ወደ ሌላ ይመልሱታል።

በበጋ ውኃው ሲጎድል ገበያተኛው ከጎንደር ማዶ ወዲህ፣ ከዚህም ወደ ማዶ ይሻገራል። አቶ አምላኩ ሰውየውን ወይም ጨውና በርበሬውን አየር በተነፋበት የጎማ ላስቲክ ላይ አስቀምጠው፣ ከኋላ እየዋኙ ይገፉታል። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አልተወሰደባቸውም። ይህ ለሌላው ተአምር ይመስለው ነበር። እሳቸው ግን አዞውን ለይተው ስለሚያውቁ እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን፣ ታላቁን ሰማውንና ታናሹን ስጦታውን፣ አሸዋው ላይ አስቀምጠው ልዩነቱን አስተማሯቸው። አንደኛው ጭምት ይባላል። ቢጫ ቢጤ ነው፣ አፉ ጠበብ ይላል፣ ዓሣና እንቁራሪት ይበላል፣ የሰው ኮቴ ሲሰማ ሹልክ ብሎ ውኃ ይገባል። ሁለተኛው ነጣቂ ነው። ጥቁር ነው፣ አፈ ሰፊ ነው፣ ጎርፍ ተከትሎ ከታች ይመጣል። ሰው ሲያይ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

“የሚሸሻችሁን አትፍሩት” ይሏቸው ነበር። “አይቷችሁ ዝም የሚለውን ፍሩ።”

እንዲህ ይበሉ እንጂ ጭምቱንም ቢሆን አምነውት አያውቁም። በየማለዳው ወርደው አሸዋው ላይ የተጎተተ ጅራት፣ የተተከለ እግር ይፈልጋሉ። ወፎቹ ከዳር ካላረፉ ያን ዕለት ማንንም አያሻግሩም፤ ገበያው ቢያልፍ፣ ሰው ቢለምን፣ ቢሳደብም። ሴቶቹ ውኃ የሚቀዱበት ዳርም በግራር እሾህ የታጠረ ነበር። ክረምቱ አልፎ ወንዙ በጎደለ ቁጥር፣ በጥቅምት፣ አገሩ በደቦ ይወጣና አጥሩን እንደገና ያቆመዋል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ለምን ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

ሰማው የአባቱን ሥራ ያዘ። ስጦታው ትምህርት ዘለቀው። ስንቁን ተሸክሞ ሽቅብ ወጥቶ ሞጣ ላይ ክፍል ተከራየ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ባዮሎጂ ተማረ። እዚያ የሕያዋን ነገሮች ሁሉ ስምና ቦታ አላቸው፤ ትልቁ ሳጥን ውስጥ ትንሹ፣ ትንሹ ውስጥ ደግሞ ሌላ ትንሽ። ይህ ሥርዓት ልቡን ወሰደው። የገደሉ ሥር ልጅ ነበርና፣ ስሙና ወገኑ የታወቀ ነገር ሁሉ የሚያስፈራ አይመስለውም ነበር። መጽሐፉ ደግሞ በዓባይ ያለው አዞ አንድ ነው ይላል፤ ክሮኮዳይለስ ኒሎቲከስ፣ የዓባይ አዞ። ጭምት የለም፣ ነጣቂም የለም። ልዩነቱ የዕድሜና የጥጋብ ነው።

በመጀመሪያው የክረምት ዕረፍት ይህንኑ ለአባቱ ነገራቸው። አቶ አምላኩ እስኪጨርስ ሰሙትና፣ መጽሐፉን የጻፈው ሰው እመጫት ወርዶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። ስጦታው ሳቀ። ያ ሳቅ ከብዙ ዓመት በኋላ ያሳፍረው ነበር።

ተመርቆ ቢቸና ተመደበ። አርባ ምንጭ ተወልዳ በነርስነት ከተመደበችው ከሉሊት ጋር እዚያው ተዋወቁ፤ ተጋቡ። ልጅ አልወለዱም። ስጦታው መምህርነቱን ይወደው ነበር። በየዓመቱ ስለ ምደባ ሲያስተምር ሰሌዳው ላይ ቅርንጫፉ የበዛ ዛፍ ይስልና የአዞ የቅርብ ዘመድ ማን እንደሆነ ተማሪዎቹን ይጠይቃል። እንሽላሊት ይሉታል፣ አርጃኖ ይሉታል። እሱም ዶሮ ናት ይላቸዋል፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ሳቁ ሲበርድ ያስረዳቸዋል። የአዞ ልብ እንደ ወፍ ልብ አራት ክፍል አለው። አዞ ጎጆ ትሠራለች፣ እንቁላሏን ትጠብቃለች፣ ጫጩቶቿ ከእንቁላሉ ውስጥ ሲጮሁ ሰምታ ታወጣቸዋለች። ከሁለት መቶ ሚሊዮን ዓመታት በላይ ወደ ኋላ ቢሄዱ የአዞና የወፍ አያት አንድ ነው። አዞ ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ ኖሯል የሚባለውም ስሕተት ነው፤ በዚያ ወገን በየብስ የሚሮጥ፣ በውቅያኖስ የሚዋኝ፣ ሣር የሚበላም ነበረበት። ዛሬ የቀረው ከትልቅ ቤተሰብ የተረፉ ጥቂቶች ናቸው። ተማሪዎቹ “ቲቸር ዶሮ” የሚል ስም አወጡለት። አልከፋውም።

በጥር ሁለት ሺህ አሥራ አራት ዶክተር ሄለን የምትባል ተመራማሪ ስልክ ደወለችለት። ስሙን ያገኘችው ከቀድሞ መምህሩ ነው። የዓባይን አዞዎች ታጠና ነበርና ወደ ገደሉ የሚያወርዳት የአገር ሰው ፈለገች። ስጦታው የእረፍት ቀኖቹን አስተካክሎ፣ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አድርጎ ሞጣ ወሰዳት፤ ከዚያም በእግር እመጫት ወረዱ።

ሦስት ቀን ተቀመጡ። ሥጋ በገመድ ቋጠሮ ውስጥ እያስቀመጡ አራት አዞ ያዙ። አቶ አምላኩና ሰማው ገመዱን ጠበቅ አድርገው ሲይዙ፣ ሄለን ከጅራቱ ላይ ጥፍር የምታህል ቅርፊት ቆርጣ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ትከትና እንስሳውን ትለቀዋለች። ሦስቱ መጠነኛ ነበሩ። አራተኛው ከሁሉም ይረዝም ነበር፤ አቶ አምላኩ እሱን ሲለቁት ከሌሎቹ ይልቅ ራቅ ብለው ቆሙ።

ሄለን ሽማግሌውን በዚህ ባሕር ውስጥ ስንት ዓይነት አዞ እንዳለ ጠየቀቻቸው። ሁለት ነው አሏት፤ ስለ ጭምትና ስለ ነጣቂ ነገሯት። ስጦታው አባቱ በተማረ ሰው ፊት እንዳይሳቅባቸው ፈርቶ ጣልቃ ሊገባ ሲል፣ እሷ እስክሪብቶዋን አውጥታ የሚሉትን ሁሉ መጻፍ ጀመረች። ከዚያ የምታውቀውን አጫወተቻቸው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ የፈረንሳይ ሊቅ ከግብፅ የተገኙ የደረቁ የአዞ ሬሳዎችን መርምሮ ሁለት ዝርያ ነው ብሎ ነበር። ሱኩስ ብሎ ጠራው፤ ትንሽና ገር የሆነውን፣ ካህናቱ በቤተ መቅደስ ኩሬ የሚያሳድጉትን። በኋላ የመጡት ሊቃውንት ሁለቱን ደርበው አንድ አደረጓቸው። በእኛ ዘመን ዘረ መላቸው ሲመረመር ግን ያ የድሮው ሰው ልክ ሆኖ ተገኘ። ይባስ ብሎ ኒሎቲከስ ከሱኩስ ይልቅ ውቅያኖስ ማዶ አሜሪካ ላሉት አዞዎች ይቀርባል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢተኙም የሥጋ ወንድማማች አይደሉም።

አቶ አምላኩ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተደነቁም። ስጦታው ግን ያን የተማሪነቱን ሳቅ አስታወሰ።

በነሐሴ የሄለን ኢሜይል መጣ። ከአራቱ ናሙናዎች የሁለቱ ውጤት ታውቋል፤ ሁለቱም ሱኩስ፣ ማለትም አባቱ ጭምት የሚሉት ናቸው። አባትህ ልክ ነበሩ፣ ሰላምታዬን አድርስልኝ ትላለች። ስጦታው ደብዳቤውን ቢሮ ሄዶ አሳተመው። የመጨረሻው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ “የቀሩት ሁለቱ ገና አልተመረመሩም፤ ስለዚህ ሌላው ዝርያ በዚያ የለም ማለት አይቻልም። ደግሞም የዝርያ ስም የጠባይ ዋስትና አይሆንም። እባክህ ሰዎቹ ጥንቃቄያቸውን እንዳይተዉ።”

በመስቀል ማግስት ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር አገሩ ተሰብስቦ ሳለ ስጦታው ቆመና ደብዳቤውን አነበበላቸው። አባቱ ከፊት ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ወረቀት፣ የአባቱን ስም የያዘ ወረቀት፣ በዚያ ገደል ሥር ተነቦ አያውቅም። “አባትህ ልክ ነበሩ” የሚለው ላይ ሲደርስ ሰው አጨበጨበ፤ አንድ አዛውንት ተነስተው የአቶ አምላኩን ትከሻ ሳሙ። ስጦታው የቀረውን አየው። ያንን ቢያነብ ክብሩ የሚደበዝዝ መሰለው። ወረቀቱን አጠፈው።

የወንድሙ የሰማው ሚስት ማናለሽ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ነበር። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት፤ ነገርን ሳታጣራ የማትተው ሰው ነች። እንዲያ ከሆነ ነጣቂ የሚባለው የለም ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀችው።

“አልተገኘም” አላት።

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የለም እንዳለ አድርገው እንደሰሙት ከፊታቸው አወቀ። ሊያርም አፉን ሲከፍት ድግሱ ተጠርቶ ሰው ተነሳ፤ እሱም አብሮ ተነሳ።

ቢቸና ሲመለስ ሉሊት እንዴት እንደነበር ጠየቀችው፤ ስለ ጭብጨባው፣ ስለ አባቱ ነገራት። የመጨረሻውን አንቀጽ አንብቦላቸው እንደሆነ ስትጠይቀው፣ የገበሬ ሰው እንዲህ ያለ የምርምር ቋንቋ አይገባውም ብሎ መለሰላት።

ሉሊት፣ “እኛ አገር አዞ ስሙ አይጠየቅም” አለችው። “ደውልላቸው።”

እሺ አላት። አልደወለም።

በጥቅምት ደቦው አልተጠራም። አቶ አምላኩ ሰው ለመጥራት ቤት ለቤት ዞሩ፤ ሁሉም በአክብሮት ተቀብሎ በአክብሮት ሸኛቸው። ለምን ይደከማል፣ ልጅዎ ከነወረቀቱ አረጋግጦልናል፣ እርስዎም ልክ መሆንዎ ተነቦልዎታል አሏቸው። ያረጀው አጥር እሾሁ ተነቅሎ ለማገዶ ዋለ። ያ ዓመት በሰላም አለፈ። ሴቶቹ እንደልባቸው ቀዱ፣ ልብስ አጠቡ፣ ልጆቻቸውን ከውኃው ዳር አጠቡ። በአርባ ዓመት ያላዩት ምቾት ነበር። ስጦታው በፋሲካ ሲወርድ ማናለሽ ጉልበቷ ድረስ ገብታ ቆማ አያትና ውጪ ሊላት ቀረብ አለ፤ ግን ፈገግ ብላ ሰላም ስትለው እሱም ፈገግ አለ።

የሁለት ሺህ አሥራ አምስት ክረምት የከበደ ነበር። ዓባይ ከገደል ገደል ሞልቶ፣ ዛፍ ከነሥሩ እየጎተተ ሰነበተ። በዚያው ክረምት በአገሩ ሁከት ሆነ፤ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አምስት ቀን ይዘጋል። ኢንተርኔት ጠፋ። ስልክ ብቻ ከኮረብታ ላይ አልፎ አልፎ ይሠራል።

ወንዙ በጥቅምት ሲጎድል እመጫት ላይ ነገሮች መጥፋት ጀመሩ። መጀመሪያ የሰማው ውሻ ቀረ። ጅብ ነው ተባለ። ቀጥሎ ውኃ ሊጠጡ ከወረዱት ፍየሎች አንዷ አልተመለሰችም፤ በሳምንቱ ሌላዋ። ነብር ነው ተባለ። አቶ አምላኩ ማለዳ ወርደው አሸዋው ላይ ያዩትን ግን ነብር አልጣለውም። የተጎተተው ሆድ የበር ያህል ይሰፋል። የእግሩ ምልክት ከእጃቸው መዳፍ በእጥፍ ይበልጣል። ጭምቶቹ ዘወትር ከሚተኙበት ቋጥኝ ለቀው ወደ ላይ፣ ወደ ቀጭኑ ውኃ ሄደዋል። ወፍ የሚባል በዳሩ የለም።

ሽማግሌው ለሰዉ ነገሩ። ሰዉም ልጅዎ ነጣቂ የለም ብሏል አላቸው። እሳቸው ያስተማሩት ልጅ በእሳቸው ቃል ላይ ተሾመባቸው። በመጨረሻ ሰማውን አስከትለው አቀበቱን ወጡና፣ ስልክ ከሚይዝበት ኮረብታ ላይ ሆነው ቢቸና ደወሉ።

ስጦታው የፈተና ወረቀት እያረመ ነበር። አባቱ ያዩትን አንድ በአንድ ነገሩት።

“ጎርፉ አሸዋውን ስለለወጠው ይሆናል፣ አባባ” አላቸው። “እንስሶቹም ቦታ ይቀይራሉ።”

“እኔ ስሙን አላውቅም፤ ጠባዩን ነው የማውቀው” አሉት። “አጥሩን እንትከል ብላቸው አንተን ይጠሩብኛል። ወንድምህ ይኸው አጠገቤ ቆሟል። አንዲት ቃል በልልኝ፣ እሱ ይንገራቸው።”

ስጦታው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የሚለውን ያውቀዋል። ግን ያን ቃል ካለ፣ በመስቀል ማግስት ለምን አላልክም ይባላል፤ ያጨበጨበው ሰው ሁሉ ፊቱ መጣበት። ለገና ሲወርድ ራሱ በቃሉ እንደሚያስረዳቸው፣ በስልክ ቢነገር ሰው እንደሚደናገር አባቱን አግባባቸው። ሽማግሌው ገና ስድስት ሳምንት እንደሚቀረው አስታወሱትና ስልኩን ዘጉት።

ማናለሽ የተወሰደችው በዘጠነኛው ቀን ነው። ረፋድ ላይ ነበር፣ ፀሐይ ባሕሩ ላይ ወጥታለች። ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ልብስ አጥባ ስትጨርስ ጀሪካኗን ልትሞላ ጉልበቷ ድረስ ገባች። ጎረቤቶቿ ልብስ እየጨመቁ ነበር። ጩኸት አልሰሙም፤ ውኃው ድንጋይ እንደተጣለበት ጡም ሲል ቀና ቢሉ ጀሪካኑ ብቻ በቦታው ይዞራል። አዳልጧት መስሏቸው ስሟን ጠሩ። ውኃው ከዳር እስከ ዳር እንደ ጠላ አተላ ደፍርሶ፣ እንደገና ጸጥ አለ። ሰማው ጦር ይዞ ገባ፤ ሰዎች በግድ ጎትተው አወጡት። ሦስት ቀን ወንዙን በሁለቱም ዳር ፈተሹ። ያገኙት ሻሿን ነው።

ስጦታው በተደወለለት ዕለት ተነሳ። መኪና እስከ ደብረ ወርቅ አደረሰው፤ ከዚያ ወደ ጉንደ ወይን የሚሄድ አልነበረምና አብዛኛውን በእግሩ ተጓዘ። ሞጣን ዘልቆ ቁልቁለቱን ሲወርድ አራተኛው ቀን ሆነ። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያሰላስል ነበር፤ ያቺ ወረቀት አሁንም በኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነች።

ለቅሶው በሰማው ደጅ ነበር። ሬሳ ስላልተገኘ አልጋ ላይ ቀሚሷንና ነጠላዋን ዘርግተው፣ ሻሿን ከራስጌ አድርገዋል። ሁለቱ ልጆች ከአልጋው እግር ተቀምጠዋል። አልቃሿ እትዬ ውቢት የምትባል የአገሩ ሰው ነች፤ ግጥም ስታወርድ ድንጋይ ታስለቅሳለች። ስጦታው ከወንዶቹ መካከል ቆሞ ሳለ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦

“ማን ይደፍራት ነበር ያን የመሰለች ሰው፣
አዞ ወስዷት እንጂ ከላይ የነገሠው።”

ሕዝቡ ወርቁን ተቀብሎ ተንሰቀሰቀ፤ የሰማዩ ንጉሥ ራሱ አዝዞ ባይወስዳት ኖሮ ማንም አይነካትም ነበር ማለቷ ነው። ስጦታው ግን አዝዞ የሚለውን ሲሰማ ሰማዩ አልታየውም። አጥሩ እንዲነሳ ያዘዘው ማን እንደሆነ ያውቃል። እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። ሉሊት በመንገድ መዘጋት ምክንያት አልመጣችም፤ ብትኖር ዓይኗን ያይ ነበር። ወደ አልጋው ቀረብ ብሎ፣ ከዓመት በፊት ከዛፉ ሥር ያነበበው ወረቀት ያላነበበው ነገር እንደነበረበት ተናገረ። ለቅሶው ቀስ በቀስ ረገበ። የመጨረሻውን አንቀጽ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበበው።

ሰማው ከተቀመጠበት ተነስቶ መጣ።

“እንደገና አንብበው” አለው።

አነበበው። ሰማው ማንበብ አይችልም፤ ቢሆንም ወረቀቱን ተቀብሎ ሲያየው ቆየ። ከዚያ አራት ቦታ አጥፎ ከሚስቱ ቀሚስ ሥር አስቀመጠውና ተመልሶ ተቀመጠ። ያን ዕለትም ሆነ በማግሥቱ ለወንድሙ ሌላ ቃል አልተናገረም።

በማግሥቱ ወንዶቹ ሁለት ጠመንጃ ይዘው ወረዱ። ዘመዶቿ ደም ሳንመልስ አንቀመጥም ብለዋል። እኩለ ቀን ላይ ተኩስ ተሰማ፤ ጥቂት ቆይቶ አንድ አዞ በገመድ እየጎተቱ ከሰዉ ፊት አመጡ። መምህር ይምጣና የትኛው እንደሆነ ይንገረን ተባለ። ሰዉ ገለል ብሎ አሳለፈው።

ስጦታው ተንበርክኮ አየው። ርዝመቱ፣ የአፉ ስፋት፣ የቅርፊቱ ረድፍ፣ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሁሉ ከፊቱ ተዘርግቷል። ጭቃ ስለለበሰ ቢጫም ጥቁርም ይመስላል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ሲስል የኖረውን እንስሳ አሁን በእጁ እየነካ፣ ምን እንደሆነ መናገር አቃተው።

“አላውቅም” አለ።

አቶ አምላኩ በዱላቸው ተደግፈው ቀረቡ። ብዙም አላዩትም። ጭምቷ ናት፣ እንቁላል ይዛለች አሉ። ሆዷ ሲከፈት አምባዛና ጠጠር ተገኘባት፤ ከዚያ በታች ሠላሳ የሚሆን ነጭ እንቁላል፣ የዶሮ የሚያህል። የማናለሽ የሆነ አንዳች ነገር አልነበረም። ጠመንጃ የያዙት ሰዎች ዓይናቸውን ወደ ባሕሩ መለሱ። ባሕሩ ላይ ምንም አይታይም ነበር፤ ሁሉም ግን ከዳሩ ወደ ኋላ ሸሸ።

አጥሩ በዚያው ሳምንት ቆመ፤ ከዚህ በፊት ያልነበረው ሦስት ረድፍ እሾህ። ስጦታው እጁ እስኪደማ ሲሠራ ሰነበተና ወደ ቢቸና ተመለሰ። እዚያ ክፍል ገብቶ ሲያስተምር ድምፁ ከሌላ ሰው ውስጥ የሚወጣ እየመሰለው ይቸገር ነበር። ለሉሊት ሁሉንም ነግሯታል። እሷም ደውልላቸው ብዬህ ነበር አላለችውም።

በሐምሌ ለፈተና እርማት ባሕር ዳር ሲሄድ ስልኩ ኢንተርኔት ያዘ። የአሥር ወር መልእክት አንድ ላይ ወረደ። ከመካከሉ የሄለን ደብዳቤ ነበር፣ በመስከረም የተላከ፣ ማናለሽ ከመሞቷ ሁለት ወር በፊት። የቀሩት ሁለት ናሙናዎች ውጤት ደርሷል። ሦስተኛው ሱኩስ ነው። አራተኛው፣ አባትህ ራቅ ብለው የቆሙለት ረጅሙ፣ ኒሎቲከስ፣ እሳቸው ነጣቂ የሚሉት ነው፤ ሁለቱም በአንድ ባሕር ውስጥ ናቸውና ሰዎቹን አስጠንቅቅ። ስጦታው መንገድ ዳር ቆሞ ሦስት ጊዜ አነበበው። ይህ ደብዳቤ ባይደርሰውም ፊተኛው ደርሶት እንደነበር ለራሱ ደጋግሞ ነገረው፤ ኔትወርኩን ሰበብ ማድረግ ቀላል ነበርና።

ሰማው ከዚያ ወዲያ ውኃ አልገባም። ልጆቹን ይዞ ሞጣ ወጣ፤ ግንባታ ቦታ ድንጋይ ያቀብላል። አባታቸውን አብረን እንውጣ ቢላቸው፣ እኔ ከሌለሁ አሸዋውን ማን ያየዋል ብለው እምቢ አሉት። ስጦታው ዝውውር ጠይቆ በዓመቱ ተሳካለትና እሱና ሉሊት ሞጣ ገቡ። ሉሊት የሰማውን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቷ እያመጣች ጠጉራቸውን ትሠራቸዋለች፣ ታበላቸዋለች። ሰማው ይህን አልከለከለም። ራሱ ግን ደጁን አይረግጥም ነበር።

በዚህ ዓመት መስከረም ላይ የሰማው ታላቂቱ ልጅ እፀገነት ዘጠነኛ ክፍል ደረሰች፤ ክፍሏ ደግሞ አጎቷ የሚያስተምርበት ሆነ። ሰማው ለምዝገባው ሊፈርም ትምህርት ቤት መጣ። የጣት አሻራውን አሳርፎ ሲያበቃ ስጦታው ግቢው ውስጥ ጠበቀው።

“አያ ሰማው፣ ወደ ሌላ ክፍል ላዛውራት?” አለው።

ሰማው ጣቱን በሱሪው ጠረገ።

“አስተምራት” አለ። “ስለ አዞ የሚለው ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ይግባ።”

ምዕራፉ የደረሰው በጥር ነው። ስጦታው ለሥራ ባልደረባው ክፍለ ጊዜውን ለቀቀለትና ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ተቀመጠ። እንደ ወትሮው የዶሮዋ ነገር ሲነሳ ክፍሉ ሲስቅ በመስኮቱ በኩል ተሰማው። በዚሁ መካከል ስልኩ ጮኸ። አባቱ ናቸው። ሦስተኛው የእሾህ ረድፍ ከውኃው በኩል ተሰብሮ ማደሩን ነገሩት። ስጦታው ከዚያ ኮረብታ ላይ ማን ማን አብሯቸው እንዳለ ጠየቃቸውና፣ ስልኩን በየተራ ይስጡልኝ አላቸው። ለእያንዳንዱ በስሙ እየጠራ፣ ማንም ወደ ውኃው እንዳይወርድ፣ ያለው የትኛው አዞ እንደሆነ እንደማያውቅ፣ ግን መኖሩን እንደሚያውቅ ነገረ። ደወሉ ተደውሎ ተማሪዎቹ ሲወጡ ገና ስድስተኛውን ሰው እያናገረ ነበር።